እትዬ ቆይ እና ሳይጠሩ የቀሩት አባባ

እትዬ ቆይ መጀመሪያ ኪቦርዱን ወደ ጎን ይገፉታል። አምስት የወረቀት ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ይበትናሉ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ስምና የቀጣዩን ወረቀት ቁጥር ይጽፋሉ። ከዚያ ሌባ ጣታቸውን የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያሳርፋሉ። በፕሮግራም ጻፊዎች ቋንቋ ወረቀቶቹ ሊንክድ ሊስት ማለትም የተያያዘ ዝርዝር፣ በዝርዝሩ ላይ አንድ በአንድ የሚራመደው ጣት ደግሞ ኢተሬተር ይባላሉ። ጣቱ የሚያውቀው የቆመበትን ወረቀትና ቀጥሎ የሚሄድበትን ብቻ ነው። ሦስተኛው የት እንዳለ ብትጠይቁት ሁለተኛውን ሳይረግጥ አይነግራችሁም።

ፕሮግራም የሚጻፍበት ቢሮ ሁሉ አንድ እትዬ ቆይ አለው። የሌለው ካያችሁ ገና ደንበኛ አላገኘም ማለት ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ሥራችንን ይዘን በሄድን ቁጥር የመጀመሪያ ቃላቸው “ቆይ” ነዋ። ሁለተኛው “ጣትህ የት ነው ያለው?” ነው። ምግብ ቤት ሜኑ ሲያነቡ አስተናጋጁ ሁለት ጠረጴዛ አስተናግዶ ሲመለስ ገና ሾርባው ላይ ያገኛቸዋል።

እኔ ግን ፈጣን ነኝ። የጤና ጣቢያውን የወረፋ ፕሮግራም በሁለት ቀን ጨረስኩት። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ባለተራውን ይጠራል፣ ትቶ የሄደውን ይሰርዛል፣ ወደ ኋላ አይመለስም። ክብርት እትዬ እንደ ልማዳቸው “ቆይ” አሉ። ደንበኛው ቸኩሏል አልኳቸው። የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የጤና ጣቢያው ነርስ ደወለች። አንድ ሽማግሌ ከጠዋት ጀምረው ተቀምጠው ሳይጠሩ ቀርተዋል፤ የስኳር መድኃኒታቸው ደግሞ ለነገ ጠዋት ብቻ ነው የቀረው። ይህ ካልተስተካከለ ወደ ደብተራችን እንመለሳለን አለች። መጀመሪያ ኔትወርኩን አማሁ። ቀጥሎ ድምፅ ማጉያውን። ወርጄ ወርጄ ምናልባት ሽማግሌው ጆሯቸው ይከብዳቸው ይሆናል እስከማለት ደረስኩ።

እትዬ ወረቀቶቹን ደረደሩና ሁለተኛው ሰው ትቶ ሄዷል፣ ሰርዘው አሉኝ። ወረቀቱን አነሳሁና ጣቴን ሦስተኛው ላይ አሳረፍኩ።

“እሺ፣ አሁንስ?”

“አሁንማ ፕሮግራሙ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል” አልኩና ጣቴን ወደ አራተኛው አሳለፍኩ።

እትዬ ጣቴን አዩት። እኔም ጣቴን አየሁት። ስሰርዝ አንዴ ተራምጃለሁ፤ ዙሩ ሲቀጥል ደግሞ ሁለተኛ። ሦስተኛውን ሰው ማንም አልጠራውም።

“የአባባ ጆሮ ደህና ነው” አሉ እትዬ።

ማስተካከያው አንዲት መስመር ነበረች፦ ከሰረዝክ ዳግመኛ አትራመድ። እኔ እሷን ስጽፍ እሳቸው ወደ ነርሷ ደወሉ። ሽማግሌው ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ እንዲገቡ ለመኑ፤ ገቡም። “ጥፋቱ የእኛ ነው” ሲሉ ሰማኋቸው። “የዚህ ልጅ ነው” ቢሉ ማን ይከለክላቸው ነበር? ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬን ሳይጠሩኝ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ እረፍት ሲወጡም ቢሮው ይከብደኛል።

ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው ስላቸው ስለ እኔ ምን ይጻፋል ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን መልእክት ሰጡኝ።

“ለአንባቢዎችህ ንገርልኝ። የትም ቦታ ተራ ጠብቃችሁ ስማችሁ ሳይጠራ ከቀረ ዝም ብላችሁ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። ተነሥታችሁ ጠይቁ፤ እባካችሁ። እኛ መሳሳታችንን የምናውቀው ስትነግሩን ነው።”