አንድ ጊዜ ማስረጃ አይሆንም

በየሰፈሩ የሁለተኛ ዲግሪ የሚማር አንድ ትልቅ ሰው አይጠፋም። እሱ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሰፈር መሆኑ ይቀርና ናሙና ይሆናል። እንዴት አደርክ ሲሉት ከአንድ እስከ አምስት ስንት እንደሚሰጡት ይጠይቃል። ራሴን አመመኝ ላለው ጎረቤት መድኃኒት አይጠቁምም፤ መቼ እንደጀመረው ይጽፋል።

የሶዶው ክቡር ተመራማሪ ደገፉ ይባላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሙዚቃ ሲያስተምር፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ የሙዚቃ ሕክምና ልማር ብሎ ተነሣ። እሱስ ባልከፋ፤ የምርምር ዘዴ የሚሉትን ኮርስ ሲጀምር ነው ሰውየው የተለወጠው። ድሮ መዝሙር ሲሰማ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። አሁን ሰዓቱን ያያል።

እንደ ፈጠነች የሚያውቀው የለም። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ የአንድ ልጅ እናት ናት፤ መጠይቁን አሥራ አንድ ጊዜ ጽፋለታለች። አንድ ቀን «በጣም» የሚለው ቃል ለተመራማሪ አይሆንም ብሎ ከየገጹ አስወጣው። በሳምንቱ አማካሪዬ ይግባ አሉ ብሎ ሁሉንም አስመለሰ። ልጇን አዝላ እየጻፈች፣ ይሄ ሁሉ ወረቀት በመጨረሻ ሰው ያድን እንደሆነ ጠየቀችው። ደገፉ ብዙ አሰበ።

«እሱን ነው የማናውቀው» አላት።

በዴሳ ከተማ ያለች የፈጠነች አክስት መዝሙር ስትሰማ ራስ ምታቷ እንደለቀቃት ብትነግረው፣ «አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ማስረጃ አይሆንም» አለ። ሞተረኛው ሀብታሙ ወደ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ወድቆ እግዚአብሔር እንዳተረፈው ሲያወራ፣ ክቡር ተመራማሪ በጥሞና ሰምቶ ስንት ጊዜ እንደወደቀ ጠየቀው። ሀብታሙ ከዚያ ወዲህ በሞተሩ አያሳፍረውም።

ሳቁ የቆመው የፈጠነች እናት የወደቁ ቀን ነው። እማማ ባሎቴን ደም ግፊት ጣላቸው፤ ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ይሰማሉ፣ ያያሉ፣ ቃል ግን የለም። ፈጠነች የተመኘችው ብዙ አልነበረም። አንዲት ጊዜ በስሟ ቢጠሯት ይበቃት ነበር።

የደገፉም ጥናት ይኸው ነበር፤ አንደበታቸው የተያዘ ሰዎች በዜማ ቃል ይመልሱ እንደሆነ ማየት። አሥራ ሁለት ሕመምተኞች አግኝቷል። ለግማሾቹ በየሳምንቱ ያዜምላቸዋል። ከሌሎቹ ጋር፣ ማወዳደሪያ እንዲሆኑት፣ ስድስት ሳምንት ቁጭ ብሎ ያወራል ብቻ፤ የእነሱ ዜማ በሰባተኛው ይጀመራል። ሲመዘግባቸው እማማ ባሎቴ ምን ያዜሙ እንደነበር ጠየቀ። ፈጠነች ነገረችው። እንሰት ሲፍቁ የልጆቻቸውን ስም በተራ እየጠሩ ያንጎራጉሩ ነበር፤ ጌታሁን፣ ሣራ፣ ምሕረት፣ መጨረሻ ላይ ፈጠነች። ሰውየው ጻፈ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ የተጣጠፉ ወረቀቶች ጨመረበትና ዕጣ አውጪ አላት።

በገዛ እጇ አወጣች። የወሬ ቡድን።

«ቲቸር፣ ሌላ ላውጣ።»

«ሌላ ካወጣሽ ዕጣ መሆኑ ቀረ።»

«እናቴ ናት እኮ።»

«እኔ ልምረጥ ካልኩ ማንን እተዋለሁ? አሥራ ሁለቱም የሰው እናትና አባት ናቸው።»

እስከዚያው ቤት ውስጥ እንዳይዘመር ቃል አስገባት። ሶዶ ውስጥ ደግሞ ሕመምተኛ ጠይቆ ሳይዘምሩ መውጣት የማይታሰብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጸልየው ብቻ እንዲሄዱ ሲለመኑ እንደ ቅጣት ቆጠሩት፤ እያጉረመረሙ ታዘዙ። ፈጠነችም ልጇን እሹሩሩ ብላ የምታስተኛው ጓሮ ወጥታ፣ እንሰቱ መሀል ሆና ነበር። ሰባተኛው ሳምንት ይመጣል ትላለች፤ ቀን ትቆጥራለች።

ደገፉ ረቡዕ ረቡዕ እሷ ሥራ ላይ ሳለች ይመጣል። ደንቡ ነው ብሎ ቤት ያለውን ሰው ያስወጣና፣ ስልኩን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍቶ ከእማማ ባሎቴ ጋር ስለ በቆሎና ስለ ዝናብ ያወራል።

በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ እማማ ባሎቴ ዐረፉ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ደገፉ መጣ። ድንኳኑን አቋርጦ ፈጠነች ፊት ቆመ። ያ ከብብቱ የማይጠፋ ፋይል የለም። ፈጠነች ቀና ብላ አላየችውም።

«ሰባተኛው ሳምንት ቀረ» አለች።

ሰውየው የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ራሷ የጻፈችው ቅጽ ነው፤ ተሳታፊ ቁጥር ሰባት። ከላይ እስከ ታች ተሰርዟል። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ፣ «ከጥናቱ ወጥተዋል። ጥፋቱ የተመራማሪው ነው» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በጥናቱ ሦስተኛ ረቡዕ ስለ በቆሎ ሲያወራ እማማ ባሎቴ ማልቀስ ጀመሩ። ቢያባብል፣ ወሬ ቢለውጥ እንቢ አሉት። አላስቻለውም፤ የእንሰቱን ዜማ አነሣ። ሦስቱን ስም ጠርቶ አራተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ይህን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነገራትና ስልኩን አውጥቶ ጆሮዋ ሥር ያዘላት። መጀመሪያ የተሰማው የእሱ የጎረነነ ድምፅ ነው። ጌታሁን። ሣራ። ምሕረት። ከዚያ ዝም። ቤቱ ውስጥ ዶሮ ስትጭር ይሰማል። ከዚያ እንደ ከባድ እንስራ የተነሣ፣ ጎተት ያለ፣ ግን ዜማውን ያልሳተ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ፈጠነች።»

ፈጠነች ስልኩን በእጇ ገፋ አደረገችው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንድ ጊዜ ነበር» አለ። «ደግመው ሲሉት ከሥራሽ ላስጠራሽ ነበር። ከዚያ በኋላም ሁለት ረቡዕ አዜምኩላቸው። አላሉም።»

ፈጠነች ተናደደች። እናቷ በሕይወት ሳለች ይህን ሳትሰማ ያሳለፈቻቸውን ቀናት አሰበች። ዜማውን ራሷ ጀምራላቸው ቢሆንስ? ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ከዚያ ፊቱን አየችው። ዓይኑ እንደ ድሮው እንባ አቅርሯል።

«ከጥናት የወጣ ሰው የተቀዳ ድምፁ ይጥፋ ይላል ደንቡ» አለ ደገፉ። «ማጥፋት አቃተኝ።»

ፈጠነች ስልኩን ተቀበለችው። ከመጀመሪያው አስጀመረችና እንደገና ሰማች፤ ዶሮዋን፣ ዝምታውን፣ ስሟን።

«ይኸው ቲቸር» አለች፣ «እናቴ ሁለተኛ ጊዜ ጠራችኝ።»

ክቡር ተመራማሪ እንደ ልማዱ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። አልያዘም። ፈጠነች እንዲቀመጥ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችለት።