የታናሽ እኅቴ ባል፣ ሊቀ ሶዲየም

አስረጂ የሌለበት ቤተሰብ ከፀሐይ በታች የለም። አስረጂ ስል ሲጠየቅ የሚመልሰውን ትሑት ሰው ማለቴ አይደለም፤ ሳይጠየቅ የሚጀምረውን፣ ከጀመረም በኋላ ምድራዊ ኀይል የማያስቆመውን ማለቴ ነው። እጁን የፈላ ውሃ ላቃጠለው ሰው፣ ቅባት ከማቅረቡ በፊት ለምን እንዳመመው ያብራራለታል።

የእኛው አስረጂ የታናሽ እኅቴ ባል፣ በጡረታ የተሰናበተ የባዮሎጂ መምህር ነው። እኔ በማዕርግ ስሙ ሊቀ ሶዲየም እለዋለሁ። “ነገሩ ቀላል ነው” ብሎ ይነሣል፤ ይህች ቃል ከተነገረችበት ቤት ቀላል ሆኖ የወጣ ነገር ግን አላየሁም። “የነርቭ ሴል እንደ ግቢ ነው፤ አጥሩ ስስ ሽፋን ነው። ሶዲየም በብዛት ከውጭ፣ ፖታሲየም በብዛት ከውስጥ ይኖራሉ፤ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች፣ አዮኖች ናቸው። መልእክት ሲመጣ አጥሩ ላይ ያሉት በሮች ይከፈታሉ፤ ሶዲየም ግር ብሎ ይገባል፤ የውስጡ ኤሌክትሪክ ይገለበጣል። በዚህ ድንጋጤ ቀጣዩ በር ይከፈታል፣ ከዚያም ቀጣዩ…” ከዚያም ቀጣዩ፣ ራት እስኪቀርብ ድረስ።

እናታችን በተቀበረችበት ዕለት፣ ሳለቅስ ትከሻዬን ይዞ እንባ ጨው ጨው የሚልበትን ምክንያት አስረዳኝ። ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ፣ የማደንዘዣው መርፌ የሶዲየምን በሮች እንዴት እንደሚዘጋ ለሐኪሙ ሲተነትን ምላሱ እስኪተሳሰር አላቋረጠም። ሐኪሙ በዕድሜው እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት መርፌ ወግቶ አያውቅም ይባላል።

ቤተሰባችንም በብዙ መከራ አንድ ጥበብ አዳበረ፦ መስማማት። የተቃወመ ሁለተኛ ማብራሪያ ይወርድበታል፤ የጠየቀማ አለቀለት። ራሱን የነቀነቀ ግን ሻዩን በሰላም ይጠጣል።

አንድ እሑድ እኅቴ ከወንበሯ ልትነሣ ስትል ጠረጴዛውን ጨብጣ ቀረች። “ሁለቱም እግሮቼ ይነዝሩኛል። ደግሞ ይከዱኛል” አለች።

“ነገሩ ቀላል ነው፤ አጣጥፈሽ ተቀምጠሽባቸው ነርቩ ተጨቁኖ ነው” አለ ሊቀ ሶዲየም።

“ከትናንት ጀምሮ ነው እኮ።”

“ትናንትስ መች ቆመሽ ዋልሽ?”

ነቀነቅን። እኔም፣ ልጆቿም፣ እርሷም ራሷ ነቀነቀች። ሐኪም ቤት የደረሰችው ቀናት ካለፉ በኋላ፣ መቆም ተስኗት፣ በወንበር ተሸክመናት ነው።

ወጣቷ ሐኪም ሳታድበሰብስ ነገረችን። የሰውነቷ የገዛ መከላከያ ጠላት ያገኘ መስሎት ነርቮቿን እንደ ሽቦ ላስቲክ የሸፈነውን ልባስ እየገፈፈ ነው፤ ድካሙ ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ደረቷ ሳይዝል በፊት የመተንፈሻ ማሽን ወዳለበት ክፍል መግባት አለባት። “ቀደም ብላችሁ ብትመጡ መድኃኒቱንም ቀደም ብለን እንጀምርላት ነበር” አለች፤ በክፋት አልነበረም። ሊቀ ሶዲየም ወለሉን ተመለከተ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቃል አልወጣውም። ስንት ዓመት የተመኘሁት ዝምታ መጣልኝ፤ እንደ አስከሬን ክፍል ይቀዘቅዝ ነበር።

እኅቴ ግን “ወደዚያ ክፍል አልሄድም” አለች። አጠገቧ ተኝታ የነበረችው ሴትዮ ወደዚያው ተወስዳ፣ አልጋዋ ላይ አዲስ አንሶላ ሲነጠፍ አይታለች። “የገባ ሲወጣ አላየሁም።”

“ምንም አትሆኚም፤ እንዲያው ለጥንቃቄ ነው” አልኋት።

“ጋሼ፣ ስትዋሽ ቅንድብህ ይነሣል።” ይህችን ለመጨረስ መሐል ላይ ቆማ መተንፈስ ነበረባት። ልጆቿም በየተራ ማሉላት፤ አንዳቸውንም አላመነችም። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ባሏ መለሰች። “አንተ ሰውዬ! ዛሬ ምን ዘጋህ? አስረዳኝ እንጂ።”

“እዚህ ያደረሰሽ የእኔ ማስረዳት አይደል?”

“እሱን ስድን እንጨቃጨቅበታለን። አሁን ንገረኝ።”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የደነዘዘውን እጇን ይዞ፣ የተለመደውን መግቢያ ትቶ፣ በዝግታ ተናገረ።

“ልባሱ በተገፈፈበት ቦታ በሮቹ በቂ አይደሉም። ሶዲየም ቢገባም ኀይሉ በየመንገዱ እየፈሰሰ ያልቃል፤ መልእክቱ ሳይደርስ ይሞታል። አንጎልሽ ተራመጂ ይላል፣ እግርሽ አይሰማም። ነገ ደግሞ ደረትሽ ላይሰማ ይችላል። ያኔ ማሽን ከሌለ ትሞቻለሽ። ካለ፣ ልባሱ እንደገና እስኪያድግ እርሱ ይተነፍስልሻል። ብዙዎች ይድናሉ፤ ሁሉም አይደሉም። ይረዝማል፣ ያስፈራልም። እኔም ፈርቻለሁ።”

በዚያ ክፍል ራሱን የነቀነቀ አልነበረም።

“በቃ፣ ውሰዱኝ” አለች እኅቴ።

እኛ እንወዳታለን ብለን በውሸት ስንደልላት፣ እውነቱን ትችለዋለች ብሎ ያከበራት ያ መከረኛ ሰው ብቻ ነበር።

አሁን ማሽኑ ይተነፍስላታል፤ ከዓይኖቿ በቀር የሚታዘዛት የለም። ሐኪሟም ገና ምንም ልትለን አልደፈረችም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስንገባ ሊቀ ሶዲየም ወንበሩን ወደ ራስጌዋ አስጠግቶ፣ ፖታሲየም ከግቢው ሲወጣ የሚሆነውን መተረክ ጀመረ። እኅቴ ዓይኖቿን ጨፈነች።

“አባባ፣ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ይተዉአት” አለች ነርሷ።

“አልተኛችም፣ ሲስተር። ስለ ፖታሲየም ሳነሣ ድሮም እንዲህ ነው የምታደርገኝ።” ዝም አለ። ዓይኖቿ ተገለጡ። “እናም ፖታሲየም…” አለ። ተጨፈኑ። እንደገና ዝም አለ፤ ተገለጡ።

ወደ እኔ ሲዞር ጺሙ በእንባ ርሷል። “አዩ፣ ጋሼ? ይሄኛው መልእክት ይደርሳል።”

ሌላ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥሁና፣ “ቀጥል እንጂ፤ ከዚያስ ፖታሲየም ምን ሆነ?” አልሁት።