እትዬ ስንትና የቆራጩ ሽርሽር

በየመሥሪያ ቤቱ ደሞዝህን ከሚስትህ ቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ማንም አይሽረውም። አዲስ ጫማ አድርገህ ብትገባ ከሰላምታ በፊት ዋጋውን ይጠይቅሃል። ብትነግረው «ተበላህ!» ብሎ ጫማህን ያስጠላሃል። ዝም ብትለው ደግሞ ራሱ ገምቶ ለሰው ሁሉ ያወራልሃል፤ ግምቱም ሁልጊዜ ከኪስህ ስለሚበልጥ በማግስቱ አበድረኝ ባይ በርህ ላይ ተሰልፎ ታገኘዋለህ።

በዚያ የወንዶች ልብስ ስፌት ቤት ይህን ከባድ ሹመት ተሸክመው የኖሩት ክብርት እትዬ ስንት ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ሌላ ስም ነበራቸው ይባላል፤ ማስረጃ ግን የለም። የተቀጠሩት ቁልፍ ለመትከል ነው። አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሦስት መርፌ በከንፈራቸው ነክሰው ይውላሉ። ሌላ ሰው ቢሆን መርፌ እንዳይውጥ አፉን ይዘጋ ነበር። እሳቸው በመርፌዎቹ መካከል ጥያቄ ማሾለክ ያውቁበታል።

ጥያቄያቸውም ወግ አለው። መጀመሪያ ገንዘብ፦ «ስንት ገባ?» ከዚያ ትውልድ፦ «አገርህ ወዴት ነው? ከወፍጮው ወዲህ ነው ወዲያ?» ከዚያ ሆድ፦ «ምሳ የት ነው የምትበላው? ያጠግባሉ ወይስ ሳህኑን ብቻ ነው የሚያሳምሩት?» መጨረሻ ላይ መንገድ፦ «ከከተማ ወጥተህ ታውቃለህ? የት? ከማን ጋር? እሷስ ማን ናት?» አንዴ አንድ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ ስፌት ቤቱን ሊመረምር መጥቶ ተመርምሮ ሄደ። የውሎ አበሉን፣ የአያቱን መንደር፣ አማቱ ቤት አድሮ ሆቴል አደርኩ ብሎ ያወራረደውን ሌሊት ሳይቀር ተናዞ ወጣ። እሳት ማጥፊያው የት እንደተሰቀለ ግን ሳይጠይቅ ነው የሄደው።

ይህን ሁሉ ከማንም አስበልጦ የሚያውቀው ቆራጩ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእትዬ ስንት ፊት ለፊት በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሱፍ ሲቆርጥ ኖሯል። ለዚህም ነው ያን ሰኞ ጠዋት፣ ከሳምንት ፈቃድ ሲመለስ፣ በሩ ላይ ደርሶ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ የተመለሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀኝ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር። ጠመኔ ያሰመረው መስመር ለሁለት ይከፈልበት ጀመር፤ ወራት ሙሉ በግምትና በጸሎት ቆረጠ። ለስፌት ቤቱ ጌታ ለባለሱቁ እንዳይናገር ደግሞ ታሪኩን ያውቃል። ከእሱ በፊት የነበረው ቆራጭ መነጽር አድርጎ የመጣ ዕለት ባለሱቁ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አባቴ፣ በቃ እረፍ» ብሎት ነበር። ያረፈው እስከ ዛሬ ነው።

ስለዚህ ቆራጩ ፈቃድ ሲጠይቅ «ለምን?» ቢባል፣ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። «ሽርሽር። ሐይቅ ዳር።» በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሰፈሩ የወጣው ለለቅሶ ብቻ የነበረ ሰው ሐይቅ ዳር አለ! ከዚያም የዓይኑን ሞራ አስገፍፎ፣ በፋሻ ታሽጎ፣ እህቱ ጓዳ ውስጥ ሰባት ቀን በጀርባው ተኛ። ሐኪሙ ዓይኑ ላይ የቀረው ጉም ቀስ እያለ እንደሚለቅ ነግሮታል፤ ግን እንዲህ ብሎ አስጠንቅቆታል፦ «ሌላ አንድ ሳምንት እንዳትጎነብስ።» ቆራጭን አትጎንበስ ማለት ዓሣን ደረቅ መሬት ላይ ዋል እንደማለት ነው።

ገባ።

«እሰይ! የሐይቁ ሰው መጣ!» አሉ እትዬ ስንት፣ መርፌዎቹ ሳይነቃነቁ። «ና እስቲ፣ ስንት አስከፈሉህ?»

«ምኑን እትዬ?»

«አልጋውን ነዋ!»

«ብዙም አይደል።»

«ብዙም አይደል የሚባል ዋጋ የለም። ቁርስን ጨምሮ ነው ሳይጨምር?»

«ጨምሮ።»

«ቁርሱ ምንድን ነበር?»

«እንቁላል።»

«ሰባቱንም ቀን?»

«አንድ ቀን... ዳቦም ነበር።»

ባለሱቁ ከመደርደሪያው በኩል ጆሮውን አቁሟል። ቆራጩ የለበሰው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ሲጣበቅ ተሰማው።

«ዓሣስ? ሐይቅ ዳር ሄዶ ዓሣ ያልበላ ሰው ሄደ አይባልም። አንዱ ስንት ነው?»

«እሱማ... እንደ ዓሣው ነው።»

«ተው እንጂ! ቆይ ግን፣» አለ ባለሱቁ ጠጋ ብሎ፣ «የቀኝ ዓይንህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀላው?»

«ነፋስ ነው ጋሼ። ሐይቅ ዳር ነፋስ አለ።»

«ነፋሱ በቀኝ በኩል ብቻ ነው እንዴ የሚነፍሰው?» አሉ እትዬ ስንት።

ቆራጩ በዚያች ደቂቃ ሴትዮዋን ከነመርፌዎቻቸው ቢውጣቸው አይጠላም ነበር።

ክፉው ነገር ከዚህ በኋላ መጣ። የእትዬ ስንት ዓይን ከፊቱ ወርዶ ወገቡ ላይ አረፈ። እሳቸው ሜትር አይጠቀሙም፤ ሰው በበሩ ሲገባ ወገቡን፣ ትከሻውንና የእጅጌውን ርዝመት አንብበው ይጨርሳሉ፤ በአርባ ዓመት አንዴ ተሳስተው ያውቃሉ፣ እሱም ሰውየው ትራስ ደብቆ ስለነበር ነው። የቆራጩ ቀበቶ ላይ በምስማር የተበሳች አዲስ ቀዳዳ ነበረች። እህቱ ጓዳ ውስጥ ምግብ አልወርድ ብሎት፣ ሱሪው እየወለቀ ቢያስቸግረው የበሳት ናት።

«ሁለት ሴንቲ፣» አሉ በለሆሳስ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ሰባት ቀን ሆቴል ሲበላ ሰንብቶ የሚከሳ ሰው ገና ዛሬ አየሁ።»

ይህች ሴት አወቀች ማለት ደግሞ ሰፈሩ አወቀ ማለት ነው፤ ባለሱቁ የሚሰማው ከሰፈሩ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው፣ ምሳ ሰዓት ገደማ።

በዚህ መሃል በሩ ተበርግዶ የሠርግ ልብስ ያዘዘ ሙሽራ ገባ። ሙሽራው ሰፊ ደረትና ከዚያ የሰፋ ሳቅ ያለው የሕንፃ ተቋራጭ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ተለክቶ፣ ጨርቁን ራሴ አመጣለሁ ብሎ ሄዶ ነበር። አሁን ብብቱ ሥር ጠቅልሎ ይዞታል፦ ጥቁር የሚመስል ድፍን ሰማያዊ ሱፍ፣ እንደ ውሃ የሚፈስ።

ባለሱቁ ጨርቁን ለካና ከንፈሩን መጠጠ። «ለኮትና ለሱሪ ልክ ነው። ጣት አይተርፍም። ግን አያስቡ፣ የእኔ ቆራጭ እንኳን ለጣት ለፀጉር አይስትም። ደግሞ ከሐይቅ ዳር አርፎ የመጣ ሰው ነው! ቆመው ይዩት። በል፣ አሁን ቁረጥላቸው።»

«አሁን?» አለ ቆራጩ።

«አሁን ነዋ! ምን፣ ሌላ ሽርሽር አለህ?»

ሱፉ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ቆራጩ የልኩን ደብተር አይቶ በጠመኔ አሰመረ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ እጅ ማስመሩን አልረሳም። መቁረጥ ግን ሌላ ነው። ጎንበስ ሲል ግንባሩ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ከበሮ መታ። ቀኝ ዓይኑን ሲጨፍን መስመሩ ወደ ጎን የሚሸሽ መሰለው፤ ሲከፍተው ጉም ዋጠው። ላቡ ጠብ እንዳይልበት በእጅጌው ጠረገ። ባለሱቁ በቀኙ ቆሟል፣ ሙሽራው በግራው። ትልቁን መቀስ አንስቶ የመቀሱን አፍ ከፈተ። ብረቱ የጨርቁን ጫፍ ነካ።

እትዬ ስንት ሦስቱን መርፌዎች ከከንፈራቸው አንድ በአንድ አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩ። ይህ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም።

«ጌታዬ ሙሽራው፣» አሉ፣ «አገርዎ ወዴት ነው?»

«እትዬ!» አለ ባለሱቁ ተቆጥቶ። «ሥራ ላይ ነን እኮ!»

«እጄ ነው የሚሠራው፤ አፌን ማን ቀጠረው?»

ሙሽራው ሳቀ። ነገራቸው። ከወፍጮው ወዲያ እንደሆነም ነገራቸው። የሙሽሪት አገር ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው።

«አይ፣ ሁለት ወገን! እንግዲህ ሁለቱም እየጠራ ያበላዎታላ?»

«ኧረ ሊገድሉን ነው እናቴ! ሰኞ አክስቷ ቤት፣ ማክሰኞ አጎቴ ቤት፤ እምቢ ቢሉ ቅያሜ ነው።»

«ማታስ?»

«ማታ ማታ ከሷ ጋር ምግብ ቤት እንወጣለን።»

«የትኛው? ስንት ያስከፍላሉ? ጣፋጭ ጨምሮ?»

«ጣፋጩማ ምኑ ይወራል! የሠርጉን ኬክ ለመምረጥ ብቻ አሥራ አንድ ቤት ቀምሰናል።»

መቀሱ አፉን እንደከፈተ ቀርቷል። ቆራጩ ሴትዮዋ ወሬውን ወዴት እየነዱት እንደሆነ አልገባውም። ከዓይኑ ጉም ባሻገር የሚታየው ነጭ ፀጉራቸው ብቻ ነው።

«እግዜር ይባርክላችሁ። ታዲያ ከተለኩ ወዲህ ቀበቶዎ ስንት ቀዳዳ ተሻገረ?»

ሙሽራው ወደ ታች ተመለከተ። ባለሱቁም ተመለከተ። ባለሱቁ ሜትሩን ከአንገቱ መዞ የሰውየውን ወገብ ከበበና ፊቱ እንደ ገበር ነጣ።

«አምስት ሴንቲ!» አለ። ከዚያ ወደ ቆራጩ ዞሮ ጮኸ፦ «መቀሱን አስቀምጥ! አስቀምጥ ነው የምልህ! ጣት የማይተርፍ ጨርቅ በድሮ ልክ ልትቆርጥብኝ ነበር?»

ቆራጩ አስቀመጠ። በሕይወቱ እንዲህ ደስ እያለው ተሰድቦ አያውቅም።

እትዬ ስንት ግን ገና አልጨረሱም። ሙሽራው በሳምንቱ ለሥራ ራቅ ወዳለ አገር እንደሚሄድ፣ ሁለት ሳምንት እንደሚቆይ፣ እዚያ ምግቡ እንደማይስማማውና ሁልጊዜ ከስቶ እንደሚመለስ፣ ሠርጉ ደግሞ ከዚያም በኋላ ሦስት ሳምንት እንደሚቀረው በአራት ጥያቄ አወጡት። «እንግዲህ፣» አሉ ወደ ባለሱቁ ሳያዩ፣ «ሰው ሲበላ ይለካል ወይስ በልቶ ሲጨርስ?»

«ሲመለሱ እንለካዎታለን፣» አለ ባለሱቁ፣ ሐሳቡ የራሱ እንደሆነ ሁሉ ኮራ ብሎ። ሙሽራውን ሸኝቶ ሲመለስ ቆራጩን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «እስከዚያ ይሄ ሰው ምን ሊሠራልኝ ነው?»

«ለእኔ ስጠኝ። ቀና ብሎ ተቀምጦ ክር ያጠንጥንልኝ፤ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል።»

በዚያ ቤት ውስጥ ከእትዬ ስንት ጣት የበለጠ ታዛዥ ነገር ኖሮ አያውቅም።

ምሳ ሰዓት ላይ ባለሱቁ ሲወጣ ቆራጩ ልብስ መለኪያው ክፍል ገብቶ መጋረጃውን ሳበ። ከኪሱ ትንሽ የጠብታ ጠርሙስ አወጣ። የመጀመሪያው ጠብታ ቅንድቡ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ወደ ጆሮው ሄደ። ሦስተኛውን ሲሞክር መጋረጃው ተገለጠ።

«ወዲህ በል።»

እትዬ ስንት ጠርሙሱን ነጥቀው አገጩን ቀና አደረጉትና አንዲት ጠብታ ልክ በቦታዋ ጣሉ። ቆራጩ ጥያቄውን ጠበቀ፦ የት ታከምክ፣ ስንት ገባ፣ ማን አስታመመህ። አልመጣም።

«እትዬ፣ ለምን አይጠይቁኝም?»

«የማውቀውን ምን ያስጠይቀኛል?»

«ለሰው...»

«ምን ለሰው? ሐይቅ ዳር ነፋስ መታው እላለሁ። በቀኝ በኩል።»

ቆራጩ ሊያመሰግናቸው ፈለገ። በምትኩ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንም ለእሳቸው ያላነሳው ነገር አመለጠው። «እርስዎስ ሐይቅ ዳር ሄደው ያውቃሉ?»

«አንተን ምን አገባህ!» ብለው ጮኹበት። «ዓይንህን ክደን፤ መድኃኒቱ ይፈሳል!»

ከደነ። ጨለማው ውስጥ የወንበር ድምፅ ሰማ፤ ጎኑ ተቀመጡ። ከቅድሙ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ፦

«የትም ሄጄ አላውቅም። እኔ በሰው ወሬ ነው የምሄደው። ዋጋውን የምጠይቀው ብሄድ ኖሮ ስንት ይወጣብኝ እንደነበር ለማወቅ ነው።» የጠርሙሱን ክዳን ሲገጥሙ ተሰማው። «በል አሁን፣ ያን ውሸትህን ከመጀመሪያው ንገረኝ። ደግሞ ዓሣው ላይ አታበላሸው።»

ቆራጩ ዓይኑን እንደከደነ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ነው የተነሣው፣» አለ። «እርስዎ በመስኮት በኩል ተቀምጠዋል።»