እንቅልፍ ያጡት የዕረፍት ሰባኪ

ስለ ዕረፍት አብዝቶ የሚሰብክ ሰው ራሱ ሳይተኛ የሚያድር ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት አላየሁም። የኛ፣ የሐይቅ ዳሯ ከተማ የኪሱሙ ሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኞች ድርሻ ክብርት እትዬ አፖንዲ ናቸው።

ወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ ነርሶቹን በየኮሪደሩ እያስቆሙ፣ «ልጄ፣ ዓይንሽ ደም መስሏል፤ ሂጂና ተኚ!» ይላሉ። የራሳቸው ዓይን የበሰለ ቲማቲም ነው። «እርስዎስ?» ሲባሉ፣ «እኔማ ለምጃለሁ» ብለው ያልፋሉ፤ እንቅልፍን እንደ ሲጋራ የተዉት ይመስል።

ቤተሰብ ወደ ሕሙማን እንዳይገባ ተከልክሏል። የኛ የሉኦ ሕዝብ ሰው ደግሞ ሲሞት በሙገሳ ስሙ ሳይጠራ አይሸኝም። ስለዚህ ዘመድ ስሙን በስልክ ይነግራቸዋል፣ እሳቸው በላስቲክ ተጠቅልለው በሕመምተኛው ጆሮ ይጮኻሉ፦ «ጉማሬው! የማዕበል አማች!» ይህን ሥራ ማንም አላዘዛቸውም፤ አለቆቻችን በነጻ የሚሠራ ሲያገኙ አይከለክሉም። ከላይ የተላከልን እርዳታ «አእምሮዎን ይንከባከቡ» የሚል ፖስተር ነው። ማጣበቂያው አልደረሰም።

የሙታኑ ስም ግን ከክብርትነታቸው ራስ አልወጣ አለ። አንድ ማለዳ የተሳፈሩበትን ሚኒባስ፣ የማታቱውን ሾፌር፣ «የኮርማው ልጅ! ጀልባ የማይችልህ!» ብለው ሰላም አሉት። ሾፌሩ ደረቱን ነፋ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ጮኸች፦ «የአጎቴ ስም እኮ ነው! ትናንት ነው የቀበርነው!»

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። «እማማ፣ ይውረዱልኝ! እኔ ገና ሚስት አላገባሁም!»

እሳቸው ሳይነቃነቁ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ።

በዚህ ለሳምንት ሳቅን። ከዚያ አንዲት ሴት ጋ ደውለው፣ «ባለቤትዎ ዛሬ እንዴት ዋሉ?» ሲሉ ሰማናቸው። ሰውየውን በዋዜማው የሸኙት ራሳቸው ነበሩ። ከስልኩ ልቅሶው ሲፈነዳ ግድግዳውን ያዩ ጀመር። የሚስቅ ጠፋ።

ሲስተር ንያንጌ፣ የነርሶቹ አለቃ፣ የእትዬን መታወቂያ ከአንገታቸው አወለቁ። «ቤትዎ ሄደው ይተኙ።»

«የሕሙማኑን ስም ማን ይጠራላቸዋል?» አሉ እትዬ።

ሲስተር ፊታችንን በየተራ አዩ።

«ኦሉዎች» አሉ ሲስተር። ኦሉዎች እኔ ነኝ፤ ምላሴ ከስድብ በቀር በሌላ የማይታወቅ።

በማግሥቱ በዓሣ አጥማጁ ሽማግሌ በኦቡያ አልጋ አጠገብ ቆምኩ። ሚስታቸው የሙገሳ ስማቸውን በስልክ ነገሩኝ፤ እኔም «የመረብ ንጉሥ» አልኩ በዝግታ፣ መብራት ይጠፋል የሚል ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው።

«አንተ ልጅ!» አሉኝ ሚስታቸው ከስልኩ። «ምን ያንሾካሹክሃል? ሚስጥር አለባችሁ? አሰማው እንጂ!»

አሰማኋቸው። ጉሮሮዬ እስኪነቃ ድረስ። የሽማግሌው ቅንድብ ብድግ አለች። ከሰዓት በኋላ ሞቱ።

ወደ ማታ እትዬ ደወሉ። «ኦቡያን ማን ጠራው?»

«እኔ።»

«ደህና አድርገህ?»

«ባለቤታቸው መርቀውኛል። ይተኙ አሁን።»

መስመሩ ተቋረጠ ስል የማንኮራፋት ድምፅ መጣ፤ ውሃ የገባበት የጀልባ ሞተር እንኳ እንዲህ አያንኮራፋም። ስልኩን ሳልዘጋ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጥኩት። አንዲት ነርስ እየጮኸች በሩን ስትከፍት ተነሥቼ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ፤ በሩንም ድምፅ ሳላሰማ ፊቷ ላይ ዘጋሁት።