ባለአራት ፎቁ መናፈሻ

በምድር ላይ ብዙ የሚመሰገኑ መሥሪያ ቤቶች አሉ። እንደ ከተማው የመሬት አጠቃቀምና የግንባታ ፈቃድ መዝገብ ቤት ያለ ግልጽ መሥሪያ ቤት ግን እስከ ዛሬ አልተፈጠረም፤ ወደፊትም መፈጠሩ ያጠራጥራል። ለዚህ ምስክር መጥራት አያስፈልግም። በሩ ላይ «መረጃ የሕዝብ ነው» የሚል ሰፊ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ከመስፋቱ የተነሣ በሩን ለመክፈት መጀመሪያ እሱን ማውረድ ይጠይቃል። ስለዚህ በሩ አይከፈትም፤ ባለጉዳይ የሚስተናገደው በጎን ባለች ትንሽ መስኮት ነው።

ልብስ ሰፊዋ ወደዚህ የተከበረ ቦታ የሄደችው ብርሃን ፍለጋ ነበር። ትዳር ከያዘች ጀምሮ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ የምትሰፋው በምሥራቅ በኩል ባለው መስኮት ሥር ነው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የሰፋ ሰው ያውቀዋል፤ ለእሱ አምፖል አይበቃም፣ ፀሐይ ይፈልጋል። በቅርቡ ግን ሰፈሩ «ባለፎቁ» የሚለው ነጋዴ ጎረቤቷ፣ ልክ ከመስኮቷ ፊት ባለአራት ፎቅ ቤት ገተረ። ከዚያ ወዲህ በመስኮቷ የሚታየው ግድግዳ ብቻ ሆነ። ግድግዳው አይታማም፣ ጥሩ ግድግዳ ነው፤ ብርሃን አለማሳለፉ ብቻ ነው ጉድለቱ። በዚህ መሐል የአንድ ሙሽራ ኮት ሰፍታ አስረከበች። ሙሽራው ከደጅ ወጥቶ ቢያየው አንዱ እጅጌ ጥቁር፣ ሌላው ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ሙሽራው ጨዋ ልጅ ስለሆነ ምንም አልተናገረም፤ እናቱ ግን የሁለቱንም ድርሻ ተናገረች። ወሬው ሰፈሩን ሲዞር ደንበኛው አንድ በአንድ ቀረ። ሌላ ሙያ የላትም፣ የባሏ ጡረታም ለወሩ አጋማሽ እንኳ አይደርስም። ብርሃኗን ካላስመለሰች መኪናዋን ሸጣ እጇን አጣጥፋ መቀመጧ ነው።

«እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ እንዲሠራ ማን እንደፈቀደለት ሄጄ ከመዝገቡ አያለሁ» አለችው ለባሏ።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቀይ መብራት ጥሶ አያውቅም፤ አረንጓዴውንም ቢሆን ይጠራጠረዋል።

«ተይ እባክሽ! ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ማንን ከሰስኩ? ልይ ነው ያልኩት።»

«ነገር ሁሉ የሚመጣው እኮ ከማየት ነው።»

እሷ ግን ነጠላ ጫማዋን በሽፍን ጫማ ቀይራ ወጥታ ሄደች።

መዝገብ ያዡ በትንሿ መስኮት ውስጥ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ተቀምጧል።

«የጎረቤቴን የግንባታ ፈቃድ ማየት ፈልጌ ነበር።»

«መብትዎ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እሺ፣ የታለ?»

«መብትዎ ነው አልኩ እንጂ ይኸውልዎ አላልኩም።» በጣቱ ወደ ሰሌዳው አመለከተ። «ምን ይላል?»

«መረጃ የሕዝብ ነው።»

«እርስዎ ሕዝብ ነዎት?»

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ከላይ እስከ ታች አየች። «ከሕዝቡ አንዷ ነኝ።»

«አዩ! አንዷ! የሕዝብን ንብረት አንሥቼ ለአንድ ግለሰብ ብሰጥ ነገ ሙሰኛ የምባለው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ስንት ሰው ነው ሕዝብ የሚባለው?»

«እሱን መመሪያው አይገልጽም» አለ መዝገብ ያዡ በትሕትና። «ሲመጣ ግን ያስታውቃል።»

ለሕዝብ ንብረት እንዲህ የሚንገበገብ ሠራተኛ ማግኘት መታደል ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን ይህ መታደል አልታያትም፤ እየተንጨረጨረች ቤቷ ገባች።

በማግሥቱ ሕዝብ መጣ። ባሏ መጣ፣ ሁለት እኅቶቿ መጡ፣ የሰፈሩ ጡረተኞች ሥራ ስለፈቱ ሁሉም መጡ። የሙሽራው እናት ልጇን ባለሁለት ቀለም ኮቱን አስለብሳ ለማስረጃነት ይዛው መጣች። መተላለፊያው ሞላ፤ ደረጃውም ሞላ። መዝገብ ያዡ አንገቱን በመስኮቷ አወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሕዝብ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ግርግር ነው የሚመስለው።»

«ግርግርማ መስኮት ይሰብራል እንጂ መዝገብ ይጠይቃል?» አለች የሙሽራው እናት።

ጫጫታውን ሰምቶ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከራሱ ቢሮ ወጣ። ኃላፊው ከአምስት ሰው በላይ ቆሞ ካየ ንግግር ሳያደርግ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ነው። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡር ሕዝባችን ሆይ! ግልጽነት የሥራችን ምሰሶ ነው! ተጠያቂነት የሥራችን ማገር ነው! አገልጋይነት የሥራችን ጣራ ነው!»

«መስኮቱስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጡረተኞቹ ንግግሩ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ። ለኃላፊው የተጨበጨበለት ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለነበር አንጀቱ ራሰ፤ የመዝገቡ ግልባጭ ማኅተም አርፎበት ባስቸኳይ እንዲሰጣቸው አዘዘ።

ባሏ መነጽሩን አድርጎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «የመሬቱ አጠቃቀም፣ የሕዝብ መናፈሻ። የተፈቀደው ሥራ፣ አጥር፣ አግዳሚ ወንበርና የሣር መስክ። ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ለማንኛውም ሰው ክፍት።»



«ፎቁስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

መዝገብ ያዡ ዋናውን መዝገብ አገላብጦ ፈለገ። «ፎቅ የለም።»

«የኔ ልጅ፣ ዞር በልና በኋላህ ባለው መስኮት እየው። ከዚህ ይታያል።»

መዝገብ ያዡ ዞር አለ። ፎቁ ከነቀይ ጣራው ቆሟል። ፎቁን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ ደግሞ ፎቁን አየ፤ ከዚያም የተማረ ሰው እንደሚያደርገው አመዛዘነ።

«መዝገቡ ማኅተም አለው» አለ። «ፎቁ ማኅተም አለው?»

«መዝገብ አይሳሳትም!» አለ ኃላፊው ጣቱን ቀስሮ። «መናፈሻ ካለ መናፈሻ ነው! ሕዝቡ ገብቶ ካልተናፈሰበት የራሱ ስንፍና ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። መናፈሻ ግብር አይጠየቅበትም፤ ተቆጣጣሪም አይመጣበትም። ባለፎቁ ብልህ ሰው ስለሆነ መዝገቡ ላይ መናፈሻ ተብሎ እንዲጻፍለት በወዳጆቹ በኩል ብዙ ደክሞበታል። የደከመበትንም አግኝቷል።

«ታጥቦ ጭቃ!» አለ ባሏ ወረቀቱን እያጠፈ። «ብያለሁ፣ አልሰማ ብለሽ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ግን ወረቀቱን ተቀብላ የመጨረሻዋን መስመር ደግማ አነበበች። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች።

«ጌታዬ፣ መናፈሻ ከሆነ መግባት እንችላለን ማለት ነው?»

«መግባት ብቻ! እንድትገቡ አሳስባለሁ!»

በማግሥቱ ጠዋት ባሏ የስፌት መኪናዋን ተሸክሞ፣ እሷ ጨርቋን ታቅፋ፣ የባለፎቁ በር ላይ ደረሱ።

«ወዴት ነው?» አለ ዘበኛው።

«ወደ መናፈሻው» ብላ ወረቀቱን አሳየችው። ዘበኛው ማንበብ ባይሆንለትም ማኅተም ያውቃል፤ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ።

አራተኛው ፎቅ ላይ በምሥራቅ በኩል ግድግዳው በሙሉ መስተዋት የሆነ ሳሎን አለ። ለካ ፀሐይዋ እዚያ ኖራለች። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን መስተዋቱ አጠገብ አስቀምጣ ጥቁሩን ክር አነሣችና መርፌው ቀዳዳ ውስጥ በአንድ ጊዜ አሾለከችው። ደስታውን አልቻለችውም፤ ተቀምጣ አለቀሰች። ባሏም ሲያያት ሰማይ አይታረስም ማለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠረ።

ባለፎቁ በሌሊት ልብሱ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ! ምን ጉድ ነው? ቤቴ ውስጥ እኮ ነዎት!»

«ቤት ነው እንዴ? ቤት ከሆነ ፈቃዱን ያሳዩኝና አሁኑኑ እወጣለሁ።»

ባለፎቁ አሰላ። ቤት ነው ቢል ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ይፈርሳል። መናፈሻ ነው ቢል ሕዝብ ይገባበታል። ወደፊት ገደል፣ ወደኋላ ገደል ሆነበት።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ በመጨረሻ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ጡረተኞቹ የባለፎቁ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ይጫወቱ ጀመር። ተማሪዎች ደረጃው ላይ ተደርድረው ያጠናሉ። ኮቶቿ ባለአንድ ቀለም መሆናቸውን ያዩ ደንበኞችም ተመለሱ። የሕዝቡ እርካታ ወሬ ደርሶት ኃላፊው ከነተከታዮቹ ለጉብኝት መጣ። ወንበሮቹን በሶፋ መልክ አገኛቸውና «ምቹ አግዳሚ ወንበሮች!» ብሎ አደነቀ። ቀጥሎ የሳሎኑን መሐል የሸፈነውን ሰፊ አረንጓዴ ምንጣፍ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«የሣሩ አያያዝ ለሌሎች መናፈሻዎች አርአያ የሚሆን ነው» አለ። ወዲያውም ሣሩ እንዲጠበቅ መመሪያ ሰጠ፤ መመሪያው ማኅተም ተመትቶበት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ ጡረተኞቹም አጨበጨቡ።

በነጋታው ባለፎቁ ጫማውን ሊያመጣ ከመኝታ ቤቱ በካልሲ ወጥቶ፣ ሳሎኑን ሊያቋርጥ አንድ እግሩን አነሣ። ልብስ ሰፊዋ ከጥቁሩ ጨርቅ ቀና አለች።

«ጌታው» አለችው በአክብሮት፣ «ሣር አይረገጥም።»

ባለፎቁ እግሩን መለሰ። ግድግዳውን ይዞ፣ በዳር በዳር፣ ጎኑን እያሻሸ ወደ ጫማው ሄደ።