የሚሮጠው የግድግዳ ሰዓታችን

ሰው ሰዓት ጠይቃችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ «ልክ ነው» የሚል ጥቂት ነው። «አምስት ደቂቃ ይቀድማል፣ ሆን ብዬ ነው» ይላችኋል። ራሱ በገፋው ሰዓት ራሱ ይደነግጥና፣ «ለካ ይቀድማል» ብሎ ደግሞ ቁጭ ይላል። ማርፈዱ አልቀረ። እኔም በዚህ እስቅ ነበር፣ ነገሩ ቤቴ እስኪገባ።

ልጄ በረከት የሚጥል በሽታው እንዳያንቀጠቅጠው መድኃኒት ይወስዳል። ነርሷ «ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት፤ እንዳታዛንፊ» ብላኛለች። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ባቆምም ሰዓት ማንበብ አያቅተኝም፤ ሲቀላ ገበያ ከሐጂ ሱቅ የግድግዳ ሰዓት ገዛሁ። ጠዋት በጎረቤት ራዲዮ አስተካክለዋለሁ፤ ማታ የአንድ ሰዓቱ ዜና ሳይጀምር የእኔው አንድ ከሩብ ይላል። በማግስቱም እንዲሁ። እንግዲህ የልጄ መድኃኒት በየትኛው ይሁን? እንቅልፍ አጣሁ።

በነጠላ ጠቅልዬ ወሰድኩት። «ሐጂ፣ ይሄ ሰዓት ይሮጣል። በማይሮጥ ይቀይሩልኝ።»

ገልብጠው አዩት። «ስሚ ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ኳርትዝ የሚሉት የድንጋይ ስንጣሪ አለ። የባትሪው ኃይል ሲደርሰው ይንቀጠቀጣል፤ በአንድ ሰከንድ ከሠላሳ ሺህ ጊዜ በላይ፣ ሁሌም እኩል። ማሽኑ ያንን ይቆጥርና ሲሞላለት ቀስቱን አንድ ያራምዳል። ባትሪ ሲደክም ወደ ኋላ የሚቀር አይቻለሁ። በቀን ሩብ ሰዓት የሚቀድም ግን የለም። ሯጩን ቤትሽ ፈልጊ።»

በልጄ ላይ የሚያስፈራኝ መንቀጥቀጥ ለካ እዚያ ውስጥ ሥራ ነው።

ሯጩን ሳላገኝ ላልተኛ ወሰንኩ። በማግስቱ ደጃፍ ላይ ለራት የሚቀቀል የሀለኮ ቅጠል የምቀነጥስ መስዬ ወደ ቤት አያለሁ። ባሌ ወደ ሴቻ ሰፈር ለሥራ ሊወጣ ሲል ሰዓቱን አወረደ፣ ከጀርባው ያለችውን ማዞሪያ ጠምዘዝ አደረጋት፣ መልሶ ሰቀለው። ከምሳ በኋላ ደግሞ አብረውን የሚኖሩት አማቴ አወረዱት። እሳቸውም ጠምዘዝ።

ራት ላይ ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው።

«እንዳይረፍድብሽ ብዬ ነዋ» አለ ባሌ።

አማቴ ልጃቸው ላይ አፈጠጡ። «አንተም ትነካዋለህ እንዴ? እኔ እኮ የልጅ ልጄ መድኃኒት እንዳያልፈው ብዬ ነው።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄው ነው። ሁላችንም ለአንድ ልጅ ስንጨነቅ ሰዓቱን አሳበድነው። ድንጋዩ ልኩን የሚጠብቀው፣ መሰለኝ፣ ማንንም ስላልወለደ ነው።

ማዞሪያዋን በፕላስተር አሸግኩ፤ ሰዓቱንም ኮርኒሱ ሥር ሰቀልኩት። «ከእንግዲህ የሚነካው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» አልኩ። ይኸው ከራዲዮው ጋር እኩል ይሄዳል፤ በረከትም መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል።

አሁን ከፍ ስላለ አማቴ አይታያቸውም። ሲመሽ «የበረከት እናት፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ይሉኛል።

ቀና ብዬ አያለሁ። ለአንድ አሥር ጉዳይ ነው።

«አምስት ጉዳይ» እላቸዋለሁ።