አባቴ የሚፈልጋት ፖም

እኛ የዲላ ሰዎች ፍሬ ስንገዛ መጀመሪያ በአውራ ጣት ጫን እናደርጋለን። ካልሰመጠልን አልበሰለም ማለት ነው። ለአቮካዶ ጥሩ ነው፤ ለማንጎም ያስኬዳል። ችግሩ፣ ይህ አውራ ጣት ሌላውንም ፍሬ በዚያው ዓይን ነው የሚያየው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላጫውትህ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ወጣትነቱን ያሳለፈው ቡሌ፣ ደጋው ላይ ሲያስተምር ነው። ዘንድሮ ታሞ ተነሣና ምግብ እምቢ አለ። ክትፎ ተሠራለት፣ ቆጮ በአይብ ቀረበለት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ጸለዩለት፣ ለመኑት። አንድ ጉርሻ ይቀበላል፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እውነቴን ነው የምልህ፣ ፈራሁ። አንድ ቀን ግን ራሱ፣ ቡሌ እያለን የምበላት ፖም ብትገኝ እበላ ነበር አለ።

ደስታዬን አትጠይቀኝ። በባጃጅ ገበያ ወረድኩና ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ የውጭ አፕል ገዛሁ። ነከስ አደረገና አይደለም አለ። ቢጫውን አመጣሁ፤ እሱም አይደለም። እሺ ምን ዓይነት ነበረች ብዬ ስጠይቀው፣ ለስላሳ ናት፣ ውስጧ ቡናማ ነው፣ ጠጅ ጠጅ ትሸታለች አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ጠጅ ያልቀመሰ ሰው ሽታውን ከየት አወቀ? ይህን አልጠየቅሁትም።

ዩኒቨርሲቲ ስለ ተክል የሚያስተምር ጎረቤት አለኝ። ምልክቱን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። የጠፋ ዝርያ ሊሆን ይችላል አለኝ። ከተገኘ ስም እንደሚያስፈልገው፣ የእሱ ስም ቢሆንም ቅር እንደማይለው በጨዋ ደንብ ጠቆም አደረገ።

ቡሌ ድረስ ወጣሁ። አባቴና እናቴ ከኖሩበት ቤት ጓሮ ያለችው ዛፍ ዛሬም ታፈራለች፤ ትንንሽ፣ አረንጓዴ፣ ጠንካራ ፖም። በማዳበሪያ ጆንያ ሞልቼ መጣሁ። አባቴ አንዷን አገላብጦ አየና፣ ዛፏስ እሷ ናት፣ ፖሟ ግን አይደለችም አለ። ይህን ምን ትለዋለህ? ተናደድኩ። ክሳቱን ሳይ ደግሞ እንባዬ መጣ።

ፖሞቹን እዚያው ወጥ ቤት ትቻቸው ረሳሁ። ባለቤቴ አልማዝ ግን በአውራ ጣቷ ጫን ብታደርግ አልሰመጠላትም። ይሄ ሰውዬ ጥሬ ፍሬ እያመጣ በሽተኛ ያስቸግራል ብላ፣ እንደ አቮካዶ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ አኖረችው። ሰንብታ፣ አሁን በስሏል ብላ በሳህን ይዛ መጣች። ቡናማ፣ የላሸቀ፣ ሽታው ደጅ ድረስ የሚሰማ። ልጥለው እጄን ስዘረጋ አባቴ ቀደመኝ። በላ። ደገመ። ከዚያ፣ ቆጮ የለም ወይ አለ።

አልማዝ ቆጮ ልታመጣ ስትሄድ ጠጋ ብዬ፣ አባዬ፣ ይሄ እኮ የተበላሸ ፖም ነው አልኩት። አውቃለሁ አለና ነገሩን አጫወተኝ። እናቴ ከዲላ ቡሌ ሙሽራ ሆና ስትገባ ፖም አይታ አታውቅም ነበር። እንደ ሙዝ መስሏት በእንሰት ቅጠል ሸፍና፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ አበሰለችለት። አቅርባ ዓይን ዓይኑን ስታየው መጨከን አቃተው፤ ጣፋጭ ነው አላት። ከዚያ በኋላማ በየዓመቱ ቀበረችለት። መጀመሪያ እንደምንም ዋጠው፣ ኋላ ለመደው፣ በመጨረሻ ሌላ ፖም አልጥም አለው።

ታዲያ ያን ሁሉ ስባዝን ምናለ ብትነግረኝ አልኩት።

«እናትህ ፖም ቀብራ አበሰለች ብዬ ሰው ላስቅባት?» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ «አንተም ለአልማዝ እንዳትነግራት» አለ።

አልነገርኳትም። ጎረቤቴንም ዝርያው አልተገኘም ብዬዋለሁ። አባቴ ተመስገን ይበላል። አልማዝ በሙያዋ የልብ ልብ ተሰምቷት ከቡሌ ሌላ ጆንያ ፖም አስመጣች። ትናንት ለእኔም በሳህን አቀረበችልኝና ዓይን ዓይኔን እያየች፣ እንዴት ነው አለችኝ። አባቴ ከወዲያ ጉሮሮውን ጠረገ።

ጣፋጭ ነው አልኳት።